ፕሌቱ ሲነጣ፦ ስለ ኮንጁጌት አያያዝ፣ ማቅጠንና እጥበት

«እትዬ፣ አርባውም ፖዘቲቭ ናቸው!» አለኝ ተለማማጁ፣ ፕሌቱን፣ ማለትም ባለ 96 ጉድጓድ የምርመራ ሳህኑን፣ እንደ ቡና ትሪ በሁለት እጁ ይዞ።

ከደጋ የመጡ 40 የበግ ሴረሞች (ከደም የተለየ ፈሳሽ) ነበሩ። ምርመራው የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ እኛ ፒፒአር የምንለው። ፕሌቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። እውነትም ቀለም የሚባል የለም፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ውሃ ጠርቷል። ልጁ የሚያውቀው ደንብ ልክ ነው፦ በተፎካካሪ ኤላይዛ (አንቲቦዲን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ) ቀለም ከጠፋ በጉ አንቲቦዲ አለው ማለት ነው። የበጉ አንቲቦዲ ቦታውን ቀድሞ ከያዘ የአይጡ ሞኖክሎናል (እኛ የምንጨምረው፣ አንድ ቦታ ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ) ማረፊያ ያጣል፤ ሞኖክሎናሉ ካላረፈ ቀለም የሚያወጣውን ኢንዛይም የተሸከመው ፀረ አይጥ ኮንጁጌትም የሚይዘው የለውም፤ ታጥቦ ይሄዳል። ልጁ ያላየው ከጥግ ያሉትን መቆጣጠሪያዎች ነበር። ምንም የበግ ሴረም ያልገባባቸው፣ ሞኖክሎናል ብቻ የገባባቸው፣ በሙሉ ኃይላቸው መጥቆር የሚገባቸው ዌሎች (የፕሌቱ ጉድጓዶች) ጭምር ነጭ ናቸው። ስለ በጎቹ ገና ምንም አላወቅንም። የሞተው ኮንጁጌታችን ነበር።

ያን ቀን ውጤቱን ጽፈን ልከን ቢሆን ኖሮ ከአንድ ወረዳ ሁሉም በግ ታሟል የሚል ወረቀት ይወጣ ነበር። ስለዚህ አዲስ ሰው ወደ ኮምቦልቻ ሲመጣ ከፒፔት አያያዝ በፊት የማሳየው ይህን ታሪክ ነው። ኮንጁጌቱን ማን እንደገደለው በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከመጀመሪያው እንነሳ።

የያዝነው ነገር ምንድን ነው

ኮንጁጌት ማለት ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ነው። በተራው፣ ማለትም ቀጥተኛ ባልሆነው ኤላይዛ፣ ፕሌቱ ላይ አንቲጂን (የበሽታው ተሕዋስ ክፍል) ተለጥፏል። በሴረሙ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ አንቲጂኑን ካወቀው ይይዘዋል፤ መያዙ ግን ለዓይን አይታይም። ሁለተኛው አንቲቦዲ መጥቶ የመጀመሪያውን ይይዛል፤ የተሸከመው ኢንዛይም ሰብስትሬቱን፣ ማለትም በመጨረሻ የምንጨምረውን ፈሳሽ፣ ቀለም ያደርገዋል። በአንድ የመጀመሪያ አንቲቦዲ ላይ ከአንድ በላይ ሁለተኛ ሊሰፍር ይችላል፤ አንድ ኢንዛይም ደግሞ ሳይደክም ሰብስትሬቱን እየተቀበለ በብዙ ሺህ ይቀይራል። ትንሿ ነገር ጎልታ የምትታየው በዚህ ነው።

ሌላው ጥቅሙ የገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ በሽታ ለብቻው ኢንዛይም የተሸከመ አንቲቦዲ ከመግዛት፣ አንድ ብልቃጥ ፀረ በግ ኮንጁጌት ለብሩሴሎሲስም ለሌላውም ይሆናል። ዕቃ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤላይዛ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በስቶክሆልም ኤንግቫልና ፐርልማን፣ በኔዘርላንድስ ቫን ዌመንና ስኹርስ በየፊናቸው አሳተሙት። ከዚያ በፊት በኢንዛይም ፈንታ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ነበር የሚታሰረው። ስዊድኖቹ አልካላይን ፎስፋቴዝን መረጡ፣ ደቾቹ ፐሮክሲዴዝን። ዛሬም ካታሎግ ስንገልጥ የምንከራከረው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

«ደስታ» ያልኩትን ለማያውቅ ደግሞ፦ ደስታ የከብቱ በሽታ ነው፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ኀዘን። በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተደብቆ የቀረ ካለ ሲፈለግ፣ ሴረም በሴረም የሚጣራው በዚሁ በተፎካካሪ ኤላይዛ ነበር። ስለዚህ ይህችን ፕሌት ስትይዙ ትንሽ ነገር የያዛችሁ አይምሰላችሁ።

ብልቃጡ ላይ ያለውን ማንበብ

«ዶንኪ አንቲ-ሺፕ አይጂጂ፣ ኤች ፕላስ ኤል፣ ኤችአርፒ» ይላል እንበል። ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት። ኤችአርፒ ኢንዛይሙ ነው፣ ሆርስራዲሽ ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣ ፐሮክሲዴዝ። ኤች ፕላስ ኤል ማለት ከባዱንም ቀላሉንም ሰንሰለት ያውቃል ማለት ነው። አይጂጂ የሚይዘው የአንቲቦዲ ዓይነት፣ አንቲ-ሺፕ የማንን እንደሚይዝ፣ ዶንኪ ደግሞ የተመረተበት እንስሳ፤ አህያዪቱ የበግ አይጂጂ ተወግታ የሠራችው አንቲቦዲ ነው።

ለምን አህያ? በግ፣ ፍየልና ከብት ዘመዳሞች ናቸው። ፍየል የበግ አይጂጂ ብትወጋ የራሷ ስለሚመስላት ያን ያህል አትቆጣም፤ ደህና አንቲቦዲ አትሰጥም። አህያ ግን ባዕድ ናት፣ በደንብ ትሠራለች። በዚሁ ዝምድና ምክንያት ፀረ በጉ ፍየልንም ይይዛል፤ ለእኛ ጥሩ ነው፣ አንዱ ብልቃጥ ለሁለቱም ይሆናል። ግን ለፍየል የሚበቃው ቅጥነት ለበግ ከሚበቃው ሊለይ ስለሚችል ለየብቻው ፈትኑት።

ዝምድናው የሚጎዳበት ቦታም አለ። መጀመሪያ ላይ ባወራሁት ተፎካካሪ ምርመራ ውስጥ ፕሌቱ በበግ አንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ የምንፈልገው ግን የአይጡን ብቻ ነው። ፀረ አይጥ ኮንጁጌቱ ወደ በጉ አይጂጂ ካጋደለ ያልነበረ ቀለም ይመጣና እውነተኛው ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ይመስላል። ስለዚህ ስታዝዙ በከብትና በበግ ሴረም ተጣርቶ የተዘጋጀውን ጠይቁ። ካታሎጉ «ክሮስ አድዞርብድ» ይለዋል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይገባዋል።

ማገጃውም፣ ማለትም ባዶ የቀረውን የፕሌቱን ቦታ የሚሸፍነው፣ በዚሁ ይታሰብ። የዱቄት ወተት ከሱቅ ገዝቶ በፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ባፈር) በጥብጦ ፕሌት ማገድ ርካሽ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ወተት ውስጥ የላም አይጂጂ አለ። ኮንጁጌታችሁ ፀረ ከብት ወይም ፀረ በግ ከሆነ ወተቱን ራሱን ይይዘዋል፤ ወይ ፕሌቱ በሙሉ ቀለም ይይዛል፣ ወይ ኮንጁጌቱ በወተቱ ተበልቶ ያልቃል። አንዲት ጎረቤታችን ላብራቶሪ ያለች ልጅ ሁለት ሳምንት የተንገላታችው በዚህ ነው። ማገድ ካለባችሁ ኮንጁጌቱ በተመረተበት እንስሳ ሴረም አግዱ፤ ዶንኪ ከሆነ በአህያ ሴረም። ካልተገኘ በጄላቲን።

በሰው ናሙና ደሴ ላይ የምትሠሩ፣ ለእናንተ አንድ ቃል ብቻ፦ አይጂኤም ስትፈልጉ ኤች ፕላስ ኤል የሚለውን አትጠቀሙ። ቀላሉ ሰንሰለት የአይጂጂም የአይጂኤምም የጋራ ስለሆነ ሁለቱንም ይይዛል። የአይጂኤምን ከባድ ሰንሰለት፣ ሚዩን፣ ብቻ የሚያውቀውን ውሰዱ።

የግመል ነገር ደግሞ ለየት ይላል። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል፣ ከአፋር የሚወጣው ግመል እዚያ ይታያል፤ አንዳንዴም ሴረሙ ከእኛ ጠረጴዛ ይደርሳል። በ1993 እ.ኤ.አ. የቤልጂየም ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግመል ከተለመደው አንቲቦዲ በተጨማሪ ቀላል ሰንሰለት የሌለው፣ ከባድ ሰንሰለት ብቻ የሆነ አንቲቦዲ አለው። ኮንጁጌታችሁ ቀላሉን ሰንሰለት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ክፍል ጨርሶ አያየውም። ፀረ ግመል ማግኘት ካልተቻለ ኤችአርፒ የታሰረበት ፕሮቲን ኤጂ (አንቲቦዲን የሚይዙት ፕሮቲን ኤ እና ፕሮቲን ጂ የተጣመሩበት) ይሻላል። ፕሮቲን ጂ ብቻውን ከግመሉ አይጂጂ ዓይነቶች አንዱን ያሳልፋል፤ ፕሮቲን ኤ ብቻውን ደግሞ ለበግና ለፍየል ደካማ ነው። ሁለቱ የተጣመሩበት ሁሉንም ይሸፍናል።

ሁለቱ ኢንዛይሞችና ጠላቶቻቸው

ኤችአርፒ ትንሽ ናት፣ ወደ 44 ኪሎ ዳልተን፤ ፈጣን ናት፤ ርካሽም ናት። ጠላቷ ሶዲየም አዛይድ ነው። ባክቴሪያ እንዳይበቅል አንቲቦዲና ባፈር ውስጥ የሚጨመረው ያ ነጭ ዱቄት ኤችአርፒን ያፍናል። አልካላይን ፎስፋቴዝ ወደ 140 ኪሎ ዳልተን ትደርሳለች፤ አዛይድ ግድ የላትም። እሷን የሚጎዳት እኛ በየቀኑ የምናጥብበት ፎስፌት ነው፤ ዚንክና ማግኒዚየም ስለምትፈልግ እነዚህን የሚነጥቃት ኢዲቲኤም ያደክማታል። ስለዚህ ለኤችአርፒ ፒቢኤስ፣ ለአልካላይን ፎስፋቴዝ ትሪስ፣ ፎስፌት የሌለበት ባፈር። ሁለቱን ባፈሮች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

ሰብስትሬቱም ተከትሎ ይለያል። ለኤችአርፒ ብዙዎቻችን ቲኤምቢ እንጠቀማለን፦ ሰማያዊ ይሆናል፣ በሰልፈሪክ አሲድ ሲቆም ወደ ቢጫ ይዞራል፣ በ450 ናኖ ሜትር ይነበባል። ኤቢቲኤስ አረንጓዴ ይሆናል፣ በ405 ይነበባል፣ ማቆሚያው 1 በመቶ ኤስዲኤስ ነው። ኦፒዲ በአሲድ ቆሞ በ492 ይነበባል። ለአልካላይን ፎስፋቴዝ ፒኤንፒፒ ነው፤ ቢጫ፣ በ405፣ ማቆሚያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። አንድ ጊዜ ለፒኤንፒፒ አሲድ ሲጨመር አይቻለሁ፤ ቢጫው ዓይናችን እያየ ጠፋ።

አሁን ወደ ነጩ ፕሌት። ያን ቀን ሦስት አስተያየት ተሰጠ። አንዱ ሴረሙ መንገድ ላይ ሞቆ ነው አለ። ሌላው ኪቱ ጊዜው አልፏል አለ። አለቃችን «እስቲ በመጀመሪያ ኢንዛይሙ በሕይወት አለ?» አሉ። ሁለት ትንንሽ ቱቦ አቆምኩ። በአንዱ ከብልቃጡ የወሰድኩትን ኮንጁጌት በንጹሕ ዲስትልድ ውሃ አቀጠንኩ፣ በሌላው በዕለቱ በሠራንበት ፒቢኤስ። በሌሎች ሁለት ቱቦዎች መቶ መቶ ማይክሮ ሊትር ቲኤምቢ አስገብቼ ከሁለቱ አንድ አንድ ማይክሮ ሊትር ጠብ አደረግኩ። የውሃው ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። የፒቢኤሱ አምስት ደቂቃ ቆይቶም እንደ ነበረ ነው።

ጠርሙሱን አንስቼ አየሁት። «ፒቢኤስ» ይላል፣ ሌላ ምንም። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እንዳይሻግት ብዬ አዛይድ የጨመርኩበት፣ አንቲቦዲ ለማቆያ ብዬ ያዘጋጀሁት ጠርሙስ ነበር፤ በላዩ ላይ ግን አልጻፍኩም። ተለማማጁ ደግሞ ፒቢኤስ ሲባል ፒቢኤስ አነሳ። ፊቴን የት ላድርገው? አለቃዬ «አብሽሪ፣ ቢያንስ ገዳዩ ተገኘ» ብለው ሳቁ።

ያንን የሁለት ቱቦ ሙከራ ተምራችሁ ያዙ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ አንድ ማይክሮ ሊትር ነው የሚበላው። ኮንጁጌቱ ራሱ ሞቷል ወይስ ባፈሩ ገደለው የሚለውን ይለያል። ግን አንድ ነገር አያሳይም፦ ኢንዛይሙ ደህና ሆኖ አንቲቦዲው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ሰማያዊ ሆኖ ፕሌቱ ከደከመ ጥርጣሬያችሁን ወደዚያ አዙሩ።

ማስቀመጥ፣ በመብራት መጥፋትና በመንገድ መካከል

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ጠዋት ጋቢ ለብሳችሁ ሚኒባስ ትገባላችሁ፣ ስትወርዱ ጋቢው ይከብዳችኋል። ሰው ኮንጁጌት በዚህ መንገድ ሲያጓጉዝ ሙቀቱን ይፈራል። እኔ የምፈራው አይስ ፓኩን ነው። ከማቀዝቀዣው ገና የወጣ በረዶ ብልቃጡን ከነካ ኮንጁጌቱን ያረጋዋል፤ አንዴ ረግቶ የቀለጠ ኤችአርፒ ኃይሉን ይቀንሳል። ብልቃጡን በጋዜጣ ወይም በጥጥ ጠቅልላችሁ በረዶው ሳይነካው አስቀምጡት።

ፈሳሹ ኮንጁጌት ቦታው 4 ዲግሪ ነው፣ ከፍሪጁ በር ላይ ሳይሆን ከመካከለኛው መደርደሪያ። ግማሽ በግማሽ ግሊሰሮል የገባበት ከሆነ በ20 ከዜሮ በታች ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግሊሰሮሉ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ብልቃጡ ላይ ግሊሰሮል የሚል ካላያችሁ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ። ሲደርስ ለአንድ ፕሌት በሚበቃ መጠን ከፋፍሉት፤ በየቱቦው ቀኑን፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩንና ቅጥነቱን ጻፉ። እየተከፈተ የሚዘጋ ብልቃጥ ዕድሜ የለውም። ከመክፈታችሁ በፊት በሴንትሪፊዩጅ ትንሽ አዙሩት፤ ክዳኑ ላይ የተንጠለጠለው ጠብታ ገንዘብ ነው፣ ከታች የሚዘቅጠው ጓል ደግሞ ወደ ፕሌቱ እንዳይገባ።

መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት። የቀጠነውን ኮንጁጌት ግን ለነገ አታሳድሩ። ፕሮቲኑ ሲቀጥን ቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ኢንዛይሙም ይደክማል። «ትንሽ ተርፎኛል» ብሎ ማሳደር እንደ ትናንት ቡና አንተክትኮ እንግዳ መቀበል ነው።

የሚበቃውን ቅጥነት ማግኘት

አምራቹ ብልቃጡ ላይ «ከ1 ለ5,000 እስከ 1 ለ50,000» ብሎ ይጽፋል። ይህ ምክር አይባልም፤ «ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ፈልጉኝ» እንደማለት ነው። ቤታችሁ ውስጥ፣ በእናንተ አንቲጂን፣ በእናንተ ሴረም መፈተን አለበት።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ፕሌቱን እንደ ዳማ ሰሌዳ አስቡት። ከላይ ወደ ታች ያሉት 8 መስመሮች፦ ሁለቱ ጠንካራ ፖዘቲቭ፣ ሁለቱ ደካማ ፖዘቲቭ፣ ሁለቱ ኔጋቲቭ፣ ሁለቱ ሴረም የሌለባቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ኮንጁጌቱ እያጠፈ ይቀጥናል፦ 1 ለ1,000፣ 2,000፣ 4,000 እያለ እስከ 64,000። ያ ሰባት ዓምድ ነው። ስምንተኛው ዓምድ ኮንጁጌት የለበትም፤ ሰብስትሬቱ በራሱ ቀለም እንደማያወጣ ያሳያል።

ለምሳሌ ማሽኑ ያነበበው የቀለም ጥንካሬ እንዲህ ቢወጣ። በ1 ለ2,000 ደካማው ፖዘቲቭ 1.60፣ ኔጋቲቩ 0.42። በ1 ለ8,000 ደካማው 0.78፣ ኔጋቲቩ 0.09። በ1 ለ32,000 ደካማው 0.21፣ ኔጋቲቩ 0.06። ጀማሪ የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ ቀለሙ ስለሚያምር። አካፍሉት፦ 1.60 ለ0.42 ሲካፈል አራት አይሞላም፤ 0.78 ለ0.09 ግን ስምንት ተኩል ያልፋል፤ የመጨረሻው ሦስት ተኩል ነው። የምንወስደው 1 ለ8,000ን ነው። ምርጫውን ሁልጊዜ በደካማው ፖዘቲቭ አድርጉት፤ ጠንካራውማ በምንም ይታያል፣ የሚያሳስተን ደካማው ነው። ሎት በተቀየረ ቁጥር ይህን መድገም አለባችሁ፤ ሰልቺ ነው፣ ግን ድገሙት።

አሁን ስሌቱ። በየዌሉ 100 ማይክሮ ሊትር ለ96 ዌል 9.6 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ለሚባክነው ጨምረን 11 እናዘጋጅ። በ1 ለ8,000 ስንት ኮንጁጌት ነው? 11,000 ማይክሮ ሊትር ለ8,000 ሲካፈል 1.375። ይህን በቀጥታ በፒፔት ለመውሰድ የሚሞክር ራሱን ያታልላል። ግሊሰሮል ያለበት ፈሳሽ እንደ ማር የሚጣበቅ ስለሆነ ከቲፑ ውጭ የሚቀረው ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። በሁለት እርምጃ ሂዱ፦ መጀመሪያ 10 ማይክሮ ሊትር በ990 ባፈር፣ ይህ 1 ለ100 ነው። ቀጥሎ ከዚህ 137.5 ወስዳችሁ በባፈር 11 ሚሊ ሊትር ሙሉት፤ ይህ ደግሞ 1 ለ80 ነው፣ ሁለቱ ሲባዙ 8,000። 10ሩን ስትወስዱ ቲፑን ጫፉን ብቻ አስነኩ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከውጭ የተጣበቀውን በብልቃጡ አፍ ጥረጉ። ገልብጣችሁ በቀስታ አዋህዱ፤ አረፋ እስኪያወጣ አትናጡት።

ማቅጠኛው ከማጠቢያው ባፈር ይወሰድ፣ 0.05 በመቶ ትዊን (ሳሙና መሰል ነገር) ያለበት ፒቢኤስ። አዛይድ የሌለበት! ይህን እኔ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እጥበት

እዚህ ላይ ብዙ አልሰብክም። በየዌሉ 300 ማይክሮ ሊትር፣ ከኮንጁጌት በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከኮንጁጌት በኋላ አምስት ጊዜ፤ ኪቱ ሌላ ካላለ። በመጨረሻው ዙር ባፈሩን ግማሽ ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ገልብጣችሁ በወፍራም ወረቀት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ሽንት ቤት ወረቀት አይሁን፣ ብናኙ ዌል ውስጥ ይቀራል። ዌሉ ደርቆ አይቆይ፤ ሲኒ ለቅልቆ ቡና እንደማይዘገይበት፣ የሚቀጥለው ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ያልታጠበ ጠብታ ኮንጁጌት ካለ ሰብስትሬቱ ይመሰክርባችኋል፤ ከሁለት እኩል ዌሎች አንዱ 0.3 ሌላው 0.9 ሲል ወንጀለኛው በአብዛኛው የተዘጋ የማጠቢያ አፍንጫ ነው።

ለኮንጁጌትና ለቲኤምቢ የተለያየ ገንዳ ተጠቀሙ። ኮንጁጌት የያዘ ገንዳ ውስጥ ቲኤምቢ ካፈሰሳችሁ ፕሌቱ ጋር ሳይደርስ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ጊዜ ደግሞ አዲስ ገንዳ፣ ኮንጁጌት ነክቶት የማያውቅ፣ ቲኤምቢው ገብቶ ገና ሳይቀዳ ሰማያዊ ሆነ። የፅዳት ሠራተኛችን ደግ ሰው ናቸው፤ ገንዳውን ከጠርሙሶቹ ጋር አብረው በበረኪና አጥበውልን ነበር። ክሎሪን ቲኤምቢን ያለ ኢንዛይም ይቀይረዋል። ከዚያ ወዲህ ገንዳዎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ቀለሙን መጠበቅ

ኪቶች «በክፍል ሙቀት» ይላሉ። የማን ክፍል? ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አስቦ ነው። ደሴ ጠዋት ላይ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣ የላብራቶሪው ቴርሞ ሜትር ከዚያ በታች ይላል፤ ኢንዛይሙ ይንቀራፈፋል፣ በአሥር ደቂቃ የሚመጣው ቀለም ይገረጣል፣ ደካማው ፖዘቲቭ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍሉ ይሞቅና ኔጋቲቩ ሳይቀር ቀለም ይይዛል። ደሴ በሠራሁበት ጊዜ ቲኤምቢውን ከፍሪጅ አውጥቼ ከግማሽ ሰዓት በፊት በ25 ዲግሪ ኢንኩቤተር አስቀምጥ ነበር፣ ፕሌቱንም እዚያው አስገባ ነበር። ግድግዳ ላይ ቴርሞ ሜትር ስቀሉ፤ የዕለቱን ዲግሪ ከውጤቱ ጋር ጻፉ። ከዓመት በኋላ «ለምን ያኔ ዝቅ አለ?» ሲባል መልሱ እዚያ ላይ ነው።

ፕሌቶችን አንዱን በአንዱ ላይ አትደርድሩ። የዳሩ ዌል ቶሎ ይሞቃል፣ የመሃሉ ይዘገያል፤ ዳር ዳሩ ደማቅ ሆኖ መሃሉ የገረጣ ፕሌት ካያችሁ በሽታው ይህ ነው። ቲኤምቢ ከብርሃን ይጠበቅ።

ማቆሚያውን ሰብስትሬቱን በጨመራችሁበት ቅደም ተከተልና ፍጥነት ጨምሩ፣ ከዓምድ አንድ ጀምራችሁ። ሰልፈሪክ አሲዱን ራሳችሁ የምታቀጥኑ ከሆነ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ አሲድ ግን ፈጽሞ አይሁን። ካቆማችሁ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ አንብቡ። ጄኔሬተር የሌላችሁ ደግሞ አንባቢው ማሽን በዩፒኤስ መያያዙን ሰብስትሬት ከመጨመራችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ከጨመራችሁ በኋላ ሰዓቱ መብራት ኃይልን አይጠብቅም።

ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት መቆጣጠሪያዎቹን እዩ፣ ናሙናውን በእጃችሁ ሸፍናችሁም ቢሆን። በተፎካካሪው ምርመራ ሞኖክሎናል ብቻ ያለበት ደማቅ፣ ኮንጁጌት ብቻ ያለበት ጥርት ያለ፣ ጠንካራው ፖዘቲቭ የገረጣ መሆን አለበት። ሞኖክሎናሉ ነጭ ከሆነ ፕሌቱ ውጤት የለውም፣ ይደገማል። ኮንጁጌት ብቻ ያለበት ከደመቀ ወይ አልታጠበም፣ ወይ ኮንጁጌቱ ማገጃውን ይይዛል፣ ወይ ከልክ በላይ ወፍሯል። በቀጥታ ባልሆነው ምርመራ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሞተ ኮንጁጌት ሁሉንም ኔጋቲቭ ያደርጋል፣ ስለዚህ ማንም አይደነግጥም፣ ማንም አይጠይቅም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

አርባዎቹን ሴረሞች በማግስቱ ደገምናቸው፣ በአዲስ ፒቢኤስ። አዛይድ ያለበትን ወደ ማጠቢያው ቧንቧ አልደፋሁትም፤ አዛይድ ከመዳብና ከእርሳስ ቱቦ ጋር ሲከማች የሚፈነዳ ነገር ይሠራል፣ በተለየ ዕቃ ተሰብስቦ ነው የሚወገደው። ቲኤምቢው ከገባ በኋላ ልጁ ከፕሌቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ጥግ ያሉት ዌሎች ሰማያዊ ሲሆኑ «እትዬ፣ ሞኖክሎናሉ መጣ» አለኝ። ስለ በጎቹ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።